በጋራ መሬት ላይ ስለ ማደር፦ ከጣርማ በር እስከ ጓሳ

በደብረ ብርሃን ለአስጎብኚዎች፣ ለሾፌሮችና ለተጓዥ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምናገረው በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ በተለይም በመንዝ ጓሳ፣ በወፍ ዋሻ ደንና በጣርማ በር አካባቢ፣ ድንኳን ተክሎ ወይም መኪና አቁሞ ስለሚያድር ሰው ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጥቶ በተራራ ላይ ማሳለፍ የሚወድ ወጣት አለ፤ መኪና ያለውም ሰው መንገዱ ባደረሰው ሜዳ ሁሉ ማደር የሚችል ይመስለዋል፤ ነዋሪው ደግሞ ጠዋት ሲነሣ ማን እንደሆኑ የማያውቃቸውን ሰዎች በግጦሹ ላይ ሰፍረው ሲያገኛቸው ይደነግጣል። ይህ መደናገጥ ወደ ጠብ ሳይሄድ፣ ማን የት እንደሚያድርና ማንን አስፈቅዶ እንደሚያድር ተነጋግረን ልንስማማ ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው፣ የጋራ መሬት ባለቤት የሌለው መሬት አለመሆኑን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። አንዳንድ ተጓዦች ይህን ድንጋጌ ይዘው «የሕዝብ ከሆነ የእኔም ነው፤ ማንን አስፈቅዳለሁ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አባባሉ ግማሹን ብቻ ይዞ የቀረ ነው። የሕዝብ የሆነ ነገር የሚጠበቀው ስለ ሕዝቡ ሆኖ የሚጠብቀው አካል ሲኖር ነው፤ ያ አካል በአንዱ ቦታ የማኅበረሰቡ ኮሚቴ፣ በሌላው የደን አስተዳደሩ፣ በሌላውም የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል። የዱር እንስሳትን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የተጠበቁ ስፍራዎች በፌዴራል መንግሥት፣ በክልል፣ በግል ባለሀብት ወይም በአካባቢ ማኅበረሰብ ሊተዳደሩ የሚችሉበትን መንገድ የከፈተው ይህን በመረዳት ይመስለኛል።

ለመንዝ ሰው ግን ይህ ሁሉ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጓሳ ከዘመናዊው ሕግ በፊት ለዘመናት በደንብ ሲተዳደር የኖረ መሬት ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ገደማ የተጀመረው የቀሮ ሥርዓት፣ አገሩን ባቀኑት በሁለቱ አባቶች፣ በአስቦና በጌራ፣ የትውልድ ሐረግ ላይ የቆመ ነበር፤ ባለ ድርሻው ሕዝብ መሪዎቹን ይመርጣል፣ የተመረጡትም ሜዳውን ይጠብቃሉ። ጓሳው አንዳንዴ እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ማንም ከብት አያስገባበትም፣ ማንም ሣር አያጭድበትም። ሲከፈት በሕዝብ ፊት ይታወጃል፣ አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፣ ከዚያም ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የሚዘጋበት ጊዜ ከሐዋርያት ጾም ፍቺ፣ ከሐምሌ 5፣ ጋር የተያያዘ ስለነበረ ቀኑን ለማወቅ ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ ሜዳው መዘጋቱን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃል። ጓሳ ከሚባለው ከታጨደው ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለክረምቱ ዝናብ ገሳ ይሠራል። በድርቅ ዘመን ደግሞ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ የተዘጋው ሜዳ ከብቱን ያተርፋል። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ሰው ደንቡን ያከበረው ቅጣትን ፈርቶ ብቻ አልነበረም፤ ሜዳው ካልተዘጋ በክፉ ቀን የሚጠጋበት እንደማይኖረው በዓይኑ ያየ ስለነበረ ጭምር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በዘር ሐረግ የተያዘውን የመሬት ሥሪት ሁሉ ሲሽር የቀሮ ሥርዓትም አብሮ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጓሳ ከባድ ነበር፤ የሁሉም ነው የተባለው ሜዳ ጠባቂ አጣ። ሆኖም ሕዝቡ ልማዱን ፈጽሞ አልተወውም፤ በየቀበሌው ኮሚቴ እያቋቋመ፣ ኋላም የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲን የመሰሉ ድርጅቶች እያገዙት፣ አካባቢው በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እንዲታወቅ አድርጓል። ዛሬ አንድ ተጓዥ በጓሳ ድንኳን ሲተክል የሚያርፈው በዚህ ሁሉ ታሪክ ላይ ነው። አጭዶ ለመውሰድ ዓመታት ሲጠብቅ በኖረ ሕዝብ ሜዳ ላይ ሳያስፈቅዱ ማደር ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አስቡት።

በሌላ አገር ሰፊ ነፃነት አለ የሚል ክርክር ስለሚነሣ በአጭሩ ልመልስ። እውነት ነው፤ በስዊድን ማንም ሰው በሌላው መሬት ላይ ከመኖሪያ ቤትና ከእርሻ ርቆ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ሊያድር የሚችልበት የቆየ መብት አለ። በአሜሪካም በፌዴራል መንግሥት እጅ ባለ ሰፊ ምድረ በዳ ላይ ያለ ክፍያ መስፈር በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ በአንድ ቦታ መቆየት አይቻልም፣ ከወንዝና ከሐይቅም መራቅ ግዴታ ነው፣ እሳት የማይነድበት ወቅትም ይታወጃል። ነፃነቱ የሰፋው ሰው ባልበዛበት ምድር ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የእኛ ደጋ እንዲህ አይደለም፤ ባዶ መስሎ በታየን ሜዳ ሁሉ እረኛ አለ፣ ጠዋት ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ አለ፣ በሬ የሚያርፍበት ጥላ አለ። ስለዚህ ከእነርሱ ልንወስድ የሚገባን የቀን ገደቡን፣ ከውኃ መራቁንና የእሳቱን እገዳ ነው፤ ሳያስፈቅዱ መስፈርን ግን ልንወስድ አይገባም።

የራሳችን ባህል ከዚህ የተሻለ መንገድ ያሳየናል። በአገራችን የመሸበት መንገደኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሰው ደጅ ቀርቦ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ ባለቤቱ ባሳየው ቦታ ይተኛል፤ ጠዋት አመስግኖ ይሄዳል። በጓሳም ሆነ በወፍ ዋሻ የሚያድር ሰው ከዚህ የተለየ ነገር አይጠየቅም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ፤ ከጓሳ እጀምራለሁ። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ጓሳ፣ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ይደረሳል። ወደ ሜዳው ከመግባት በፊት መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ መመዝገብ፣ ክፍያውን ከፍሎ ደረሰኝ መቀበልና አስጎብኚ ወይም ስካውት፣ ማለትም የስፍራውን ጠባቂ፣ ይዞ መውጣት ተገቢ ነው። ደረሰኙን አደራ እላለሁ፤ ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ መድረሱ የሚታወቀው በእርሱ ነው፣ በማግሥቱ ሌላ ጠባቂ ሲጠይቃችሁም የምታሳዩት እርሱን ነው። ድንኳን የሚተከለው በማኅበረሰቡ ሎጅ አጠገብ ወይም ስካውቱ ባሳየው ቦታ ብቻ ነው። «እዚያ ማዶ ያለው ጉብታ ያምራል» ብሎ መሻገር አይገባም። ያማረው ጉብታ ብዙ ጊዜ የእንስሳ መኖሪያ ነውና።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ቀን ቀን በሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ይውላል፣ የሚወልደውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ዝናቡ አቁሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ተጓዥ በብዛት የሚመጣበት ወቅት ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ድንኳን የተከለ ሰው አንድ ጥይት ሳይተኩስ እናቲቱን ከግልገሎቿ ሊያስሸሽ ይችላል። ከድንኳኑም የባሰው ውሻ ነው። በባሌ ተራሮች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ የተከተበም ይሁን ያልተከተበ፣ በገመድ የታሰረም ይሁን ያልታሰረ፣ ውሻ ይዞ ወደ ጓሳ መምጣትን ያለ አንዳች ማመንታት መከልከል አለብን።

ጭላዳ ዝንጀሮን በተመለከተ የሚረሳ ነገር አለ። ጭላዳ ቀኑን በሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ግን ከነብርና ከጅብ ለመዳን ወደ ገደሉ ወርዶ በገደሉ ላይ ያድራል። ተጓዡ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ከቆላው ስትወጣ ለማየት ብሎ ድንኳኑን በዚያው በገደሉ አፋፍ ላይ መትከል ይወዳል። ከመሸ በኋላ በአፋፉ ላይ የሚበራ መብራትና የሚሰማ ጩኸት መንጋውን ከማደሪያው ያፈናቅለዋል። ንጋቱን ለማየት ከድንኳን ተነሥቶ ወደ አፋፉ መሄድ ይቻላል፤ ማደሩ ግን ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይሁን። ምግብ መስጠትም ክልክል ነው። ዳቦና ሙዝ የለመደ መንጋ ነገ ወደ ገበሬው ገብስ ይወርዳል፣ ዕዳውንም የሚከፍለው እንግዳው ሳይሆን ገበሬው ነው።

መኪና ከተሠራው መንገድ መውጣት የለበትም። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው መሬት ክረምቱን ውኃ ጠጥቶ፣ በጋውን በውርጭ እየተሰነጠቀ የሚኖር ነው፤ አንድ ከባድ መኪና በእርጥብ ሣር ላይ ያለፈበት የጎማ ዱካ በሚቀጥለው ዝናብ የውኃ መውረጃ ይሆናል፣ ከዚያም ቦይ ይሆናል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ገደል ይሆናል። ከጓሳ የሚነሣው ውኃ በምዕራብ ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ወደ አዋሽ የሚፈስ በመሆኑ በዚህ ሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳት መንዝ ላይ አይቆምም። ሌሊቱን በመኪናው ውስጥ ማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ጥበቃ ባለበት ቦታ ያቁም፤ ሞተሩን ለሙቀት ሲል እያስነሣ አይደር፤ ይህ ለራሱም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚገባ የጭስ ማውጫ ጋዝ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።

ስለ እሳት ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በበጋው ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ እሳት ማንደድ ያምራል፤ በደጋ ያደግን ሰዎች ሁላችን እሳት ዳር መቀመጥ እንወዳለን። ይሁን እንጂ ከኅዳር በኋላ የጓሳው ሣር ደርቆ ገለባ ሆኗል፣ ነፋሱም ከሰዓት በኋላ ያይላል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከነደደ ተመልሶ ለመቆም ዓመታት ይወስድበታል። የሚቃጠለውም ከላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። በሥር ሥሩ የተጠራቀመው የበሰበሰ ሣር ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቆይቶ፣ ጠፋ ከተባለ በኋላ ከሌላ ቦታ ሊነሣ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት ታስታውሳላችሁ፤ ሕዝቡ ቅጠልና አፈር ይዞ ቢረባረብም፣ በገደላማው ቦታ ስላልተቻለ ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ እስኪመጣ ድረስ ተደርሷል። ስለዚህ በሜዳው ላይ የማገዶ እሳት ፈጽሞ አይነድ። ምግብ የሚበስለው በጋዝ ምድጃ፣ ሣሩ በተነሣለት ቦታ፣ ውኃ በአጠገብ ተይዞ ይሁን። ማገዶ ፍለጋ አስታ መቁረጥ ደግሞ ከእሳቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁራጩን በቆርቆሮ ይዞ ይመለስ። በዚህ ጉዳይ ላይ አስጎብኚዎች ለእንግዳ ማዘን የለባችሁም፤ እንግዳው ቢከፋውም ለአንድ ሌሊት ነው።

ውኃና ቆሻሻን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ ስልሳ ሜትር ርቆ መስፈር፣ ሳሙና ወደ ወራጅ ውኃ አለማስገባት፣ መጸዳጃ ቤት ባለበት መጠቀም፣ በሌለበት ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና የብስኩት መጠቅለያ የያዘ ሰው ይዞት መመለስ ነው። ቆሻሻ መቅበር መፍትሔ አይሆንም፤ ጅብ ያወጣዋል።

ወፍ ዋሻ ከጓሳ የተለየ ነው፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የሞላበት፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ገደላማ ምድር ላይ የተረፈ ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ነው። የደን ሕግ ከዱር እንስሳት ሕጉ ይልቅ በማደር ጉዳይ ጠንከር ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ያለ ፈቃድ በመንግሥት ደን ውስጥ በጊዜያዊነትም ሆነ በቋሚነት መስፈርን ከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ሲተካም መንግሥት በደን ላይ ያለው ጥበቃ አልላላም። ስለዚህ በወፍ ዋሻ አንድ ሌሊት እንኳ ለማደር የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አስተማማኙ መንገድ ነው። በደን ውስጥ መጥረቢያና መጋዝ ይዞ መገኘት ራሱ ስለሚያስጠይቅ፣ ለድንኳን ካስማ ብላችሁ እንኳ ገጀራ ይዛችሁ አትግቡ።

በመንገድ ላይ ስለሚያድሩ መኪኖች የምናገረው በተለይ ለእናንተ ለሾፌሮች ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ጉም የሚበዛበትና ጠመዝማዛ ነው፤ በጉሙ ምክንያት ሾፌሩ ቆሞ ለማደር መወሰኑ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጥያቄው የት ይቁም የሚለው ነው። በኩርባ ላይ፣ በዋሻው መግቢያና መውጫ፣ ወይም በመንገዱ ትከሻ ላይ ግማሽ ጎማውን አስቀርቶ የቆመ ከባድ መኪና ከኋላው ለሚመጣው ሞት ነው። ከመምሸቱ በፊት ደብረ ብርሃን ላይ መቆም፣ ቁልቁለቱን ከጨረሱ ደግሞ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት ጥበቃ ባለው ቦታ ማሳደር ይሻላል። መኪናው ተበላሽቶ የግድ ከቆመ፣ አንጸባራቂው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከፊትና ከኋላ ይቀመጥ፤ ቅጠል መጣል ብቻውን በጉም ውስጥ አይታይም። ሁላችሁም የምታውቁትን ሌላ ነገርም ልጨምር፦ ጎማ የተደገፈበት ድንጋይ ጠዋት መኪናው ሲነሣ መንገድ ላይ ይቀራል። ያን ድንጋይ የሚያገኘው ማታ በሞተር ብስክሌት የሚመለስ የአካባቢው ልጅ ነው። ድንጋዩን ያመጣው ሰው ራሱ ያንሣው።

የምኒልክ መስኮት እየተባለ የሚጠራው የጣርማ በር እይታ ቦታ ለማደሪያ የሚሆን አይደለም። አፋፉ ድንገተኛ ነው፣ ጉሙ ሲመጣ የራስን እግር እንኳ አያሳይም፤ ጭላዳዎቹም በዚያ ገደል ያድራሉ። ለቀን ጉብኝት ይቆምበት፤ ሲመሽ ይለቀቅ።

ታኅሣሥና ጥር ሲገባ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ይመስላል። ገለባው ግን የባለ ማሳው ከብት ቀለብ ነው፤ አውድማውም የተለቀለቀው ለእህል ነው እንጂ ለድንኳን አይደለም። ባለቤቱ ከፈቀደ ማደር ይቻላል፣ ካልፈቀደ አይቻልም፤ የወል ግጦሽ ከሆነም ቀበሌው ይጠየቅ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በጠበል ስፍራ ዙሪያ ያለውን ዛፍ አይቶ «ጥላ አለ» ብሎ መስፈር ደግሞ ነዋሪውን እጅግ ያስቀይማል። የደብሩን አለቃ ሳያነጋግሩ ወደዚያ መቅረብ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚመለከታቸው የወረዳና የዞን ኃላፊዎች የምለው አለ። ደንቡ በቃል ብቻ እየተነገረ ተጓዡን «አላወቅህም» ብሎ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ስንት ሌሊት እንደሚፈቀድ፣ እሳትና ውሻ ክልክል መሆኑ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይነሣ በግልጽ ተጽፎ፣ ከጣርማ በር መገንጠያ ላይና በመሐል ሜዳ መግቢያ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይለጠፍ። በእኔ እምነት ለአንድ ቡድን ሦስት ሌሊት በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚቆይ ለጥናት የመጣ ሰው ስለሆነ በልዩ ፈቃድ ይስተናገድ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህሉ ለጥበቃ፣ ምን ያህሉ ለማኅበረሰቡ እንደዋለም በዓመት አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነገር። ጥንት ሜዳው ሲከፈትና ሲዘጋ በሕዝብ ፊት ይታወጅ አልነበረምን? አጫጁ ድርሻውን እንዳወቀ ሁሉ፣ ዛሬም ነዋሪው ከእንግዳው የሚገኘውን ማወቅ መብቱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከአድማጮች አንዱ፣ ከጨለመ በኋላ የደረሰ ሰው ምን ያድርግ ሲሉ ጠይቀው ነበርና የሰጠሁትን መልስ እዚህ ልጻፍ። በመጀመሪያ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አካባቢው ባለፉት ዓመታት ያየውን ችግር ሁላችን እናውቃለን፣ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ነገር ግን ጣርማ በር ላይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ካለፈ፣ በዚያ ቀን ጓሳ እደርሳለሁ ብሎ መቸኮል አይገባም፤ መዘዞ ወይም ሞላሌ ላይ አልጋ ይዞ ማደር ይሻላል፤ ሰውነትም ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ በመጠኑ ይለምዳል። መኪና ተበላሽቶ በሁለት ከተማ መካከል የቀረ ሰው መኪናውን ከመንገድ ያውጣ፣ ምልክቱን ያኑር፣ ከቡድኑም አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ወደ ቅርቡ ቤት ይሂድ። ብዙ ሆኖ በሌሊት ወደ ሰው ቤት መሄድ ያስፈራል። ውሻ ስለሚኖር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጣራ፣ መብራቱን ወደ ገዛ ፊቱ አድርጎ ማን እንደሆነና ምን እንደገጠመው ይናገር። ባለቤቱ ከፈቀደ በግቢው ወይም በመኪናው ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱም ከመሄዱ በፊት ለቀበሌው ወይም በመንገዱ ለሚያገኘው የመጀመሪያ ስካውት ሌሊቱን የት እንዳሳለፈና ማን እንዳሳደረው ያስታውቅ።